የጋዜጣ ክሮስወርድ ሲይዘን እርዳታ እንዴት እንጠይቅ?

የጋዜጣ ክሮስወርድ፣ ማለትም ፍንጭ እያነበቡ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቃላትን ሳጥን ውስጥ የሚጽፉበትን ጨዋታ፣ መሙላት የዕለት ልማዴ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ ነገሩ ይቆማል። አንድ ጥግ ላይ አራት አምስት ፍንጮች ተያይዘው ዝም ይላሉ። ይህን የምጽፈው እዚያ ጥግ ላይ ለሚቆሙ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ ያላቸው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ጋዜጣውን አጥፎ መተው ወይም መልሱን ከስልክ ላይ መገልበጥ። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ ዓይነት እርዳታ አለ። የትኛውን መቼ እንደምንጠይቅ ካወቅን ጨዋታው ይጣፍጣል፤ ችሎታችንም ያድጋል።

የኔ አካሄድ ከትንሹ እርዳታ መጀመር ነው። አንድ ፊደል ከበቃኝ ቃሉን አልጠይቅም። የፍንጩን ትርጉም ማብራራት ከበቃኝ ፊደሉንም አልጠይቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሙሉ መልስ ከሰው ብትቀበሉ አንድ ቃል ሞላችሁ። አንድ ፊደል ተቀብላችሁ ቀሪውን ራሳችሁ ብታገኙት ግን ችሎታችሁም አብሮ ያድጋል፤ ደስታውም የራሳችሁ ይሆናል።

ይህን የተማርኩት ከጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋዜጣዬን ይዤ ስሄድ መልስ ነግረውኝ አያውቁም፤ በጥያቄ ነው የሚመልሱልኝ። አንድ ቀን ፍንጩ «መሸሸጊያ» ይላል፤ ሳጥኑ ሦስት ነው። «ዋሻ» እንዳልል ሁለት ፊደል ነው። «መጠለያ» እንዳልል አራት ነው። ይዤላቸው ስሄድ «ከምን ነው የሚሸሸጉት ልጄ? ከጥይት ነው ወይስ ከሰው ዓይን?» አሉኝ። ከጥይት ከሆነ «ምሽግ» ይሆናል። ሌላ ከሆነ «ከለላ» ሊሆን ይችላል። «እሺ፣ መሃል ላይ የሚያቋርጠውን ቃል ጨርሺና ራሱ ይነግርሻል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መሃሉ ሽ ከሆነ አንዱ፣ ለ ከሆነ ሌላው ነው። እንዲህ ያለ እርዳታ ዕድሜ ልክ ይጠቅማል፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ፍንጭ ሲገጥመኝ «ከምን? ለምን? ማን?» ብዬ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ።

ስለዚህ ወደ ሰውም ወደ ስልክም ከመሄዳችን በፊት ፍንጩን ራሱን በደንብ እንጠይቀው። የአማርኛ ክሮስወርድ የምትሞሉ ከሆነ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ፍንጩን አላልቶም አጥብቆም ማንበብ ነው። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አለቃ ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ይሰፋል፤ ጠብቆ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «አለ» ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። አዘጋጆች ይህን ያውቁታል፤ ሆን ብለውም ይጠቀሙበታል። ታናሽ እህቴ «የዋና ቦታ» የሚል ባለ ሦስት ሳጥን ፍንጭ ይዛ ስትቸገር መምህሩ ያሏት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እስኪ አላልተሽ አንብቢው።» ወዲያው «ገንዳ!» አለች። ማንም መልስ አልሰጣትም።

ሁለተኛው ነገር የቃሉን ቅርጽ ከፍንጩ ላይ ማንበብ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ በጣም ቸር ነው። ፍንጩ ብዙ ቁጥር ከሆነ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በ ች ያልቃል፤ ከ ች በፊት ያለው ፊደል ደግሞ ሳብዕ ነው። ቤቶች፣ ልጆች፣ ዛፎች። ምንም ሳታውቁ የመጨረሻውን ሳጥን በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ፍንጩ የድርጊት ስም ከሆነ፣ ለምሳሌ «በእግር መጓዝ» ቢል፣ የመጀመሪያው ሳጥን መ ወይም ማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መሣሪያ ከተጠየቀ በ መ ወይም በ ማ ጀምሮ በራብዕ የሚያልቅ ቃል ፈልጉ። መጥረጊያ፣ መክፈቻ፣ መዶሻ፣ ማበጠሪያ። ሁሉም መሣሪያ እንዲህ አይደለም፤ «መጋዝ» አለ። ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራል።

ድርጊቱን የሚፈጽመው ሰው ከተጠየቀ መጨረሻው ሣልስ ነው፤ ዘማሪ፣ ጸሐፊ፣ ነጋሪ። ወይም ደግሞ እንደ ሽ፣ ጅ፣ ች፣ ይ ያለ ሳድስ ነው፤ ከሳሽ፣ ወላጅ፣ ጎታች፣ ከፋይ። ጠባይ ወይም ሁኔታ ከሆነ «ነት» መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ያለፈ ጊዜ አሉታዊ ግስ ከሆነ ከፊት አል፣ ከኋላ ም። እነዚህን በእርሳስ ስትጽፏቸው ባዶ የነበረው ጥግ ላይ ሦስት አራት ፊደል ይታያል። ብዙ ጊዜ ከዚህ በላይ እርዳታ አያስፈልገኝም።

የፊደል ነገር ሌላው የሚያስቸግር ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ሳጥን ተነባቢ ብቻ ወይም አናባቢ ብቻ ይይዛል። በአማርኛ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚያቋርጠው ቃል ብዙ ይነግረናል፤ መ ብቻ ሳይሆን ሚ ወይም ሞ መሆኑን ጭምር። በሌላ በኩል ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። «አገር» እና «ሀገር» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ሳጥን ግን የተለያየ ነው። ርዝመትም ይቀየራል። «በልቷል» አራት ሳጥን ነው፤ «በልቶአል» አምስት። እርግጠኛ የሆንሁበት ቃል በአንድ ሳጥን ሲጎድል ወይም ሲተርፍ ቃሉን ከመጣሌ በፊት አጻጻፉን እለውጣለሁ። ሁለት ቃላት የሚገናኙበት ሳጥን ላይ አንዱ ሰ ሌላው ሠ ቢጠይቅም አልደነግጥም። አንዳንድ አዘጋጆች ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ይቆጥራሉ። የምትሞሉትን ጋዜጣ ልማድ ለማወቅ ያለፈውን መልስ ማየት ይበቃል።

በእንግሊዝኛ ክሮስወርድ የምትሞክሩም አላችሁ። እዚያ የምመክረው መጀመሪያ ቀኑን መምረጥ ነው። በኒውዮርክ ታይምስ ክሮስወርድ የሰኞው ከሁሉ የቀለለ፣ የቅዳሜው ከሁሉ የከበደ ነው። የእሑዱ ሰንጠረዡ ይሰፋል እንጂ ከቅዳሜው አይከብድም። ከሰኞና ከማክሰኞ ብትጀምሩ ከማንም እርዳታ ሳትፈልጉ ብዙ ትሄዳላችሁ። ቅዳሜን ከፍታችሁ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ ብትተዉት ግን ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የረጅም ጊዜ ልምድ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

የእንግሊዝኛው ፍንጭም የራሱ ሕግ አለው። ፍንጩ በአህጽሮት ከተጻፈ መልሱም አህጽሮት ነው። ያለፈ ጊዜ ከሆነ መልሱ ያለፈ ጊዜ፣ ብዙ ቁጥር ከሆነ መልሱ ብዙ ቁጥር ነው። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካለ ነገሩ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ቀጥተኛውን ትርጉም ተዉት። ባዶ ቦታ ያለው ፍንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ ይቀላል፤ እኔ ሁልጊዜ ከእሱ ነው የምጀምረው። ደግሞ ደጋግመው የሚመጡ አጫጭር ቃላት አሉ። አናባቢ የበዛባቸው ስለሆኑ ለአዘጋጁ ይመቹታል። የኢሪ ሐይቅ፣ የኤትና እሳተ ገሞራ፣ የዮኮ ኦኖ ስም፣ የኦሪዮ ብስኩት። እኛን የሚያስደስቱም አሉባቸው። «አዲስ» ተብሎ ከጎኑ ባዶ ከተተወ «አበባ» ነው። በኦፔራ ውስጥ ያለች ኢትዮጵያዊት ልዕልት ከተባለ አይዳ ናት፤ በእንግሊዝኛ አራት ፊደል፣ ሦስቱ አናባቢ። እነዚህን በማስታወሻ ደብተር መያዝ ራሱ ትልቅ እርዳታ ነው።

የብሪታንያ ጋዜጦች «ክሪፕቲክ» የሚሉት ዓይነት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ፍንጩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ትርጉም ነው፤ ሌላው መልሱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የቃላት ጨዋታ ነው። ትርጉሙ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወይ መጀመሪያ ላይ ወይ መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ብቻ ማወቅ ፍለጋውን በግማሽ ያቀለዋል። በዚህ ዓይነት ላይ ከሰው ልትጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያ እርዳታም ይኸው ነው፤ «ትርጉሙ የቱ ጋ ነው?»

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ ልምጣ። እርሳስና ላጲስ የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ የታተመው የመጀመሪያው የክሮስወርድ መጽሐፍ እርሳስ ታስሮለት ነበር የሚሸጠው። ነገሩ ትርጉም አለው። በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ለመገመት አይፈራም። ግምት ደግሞ የዚህ ጨዋታ ሞተር ነው።

መዝገበ ቃላት የምጠቀመው ለማረጋገጥ ነው እንጂ ለመፈለግ አይደለም። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከትርጉም ወደ ቃል አይወስድም፤ ከቃል ወደ ትርጉም ነው። በግምት የያዝኩት ቃል እውነት ያንን ትርጉም ይይዝ እንደሆነ ግን በደንብ ይነግረኛል። የደስታ ተክለ ወልድን ዐይነት የቆየ መዝገበ ቃላት ያላችሁ አንድ ነገር አስታውሱ። ቅደም ተከተሉ የምናውቀው ሀለሐመ አይደለም፤ አበገደ ነው። ብዙ ቃላትም ከሥር ግሳቸው ጋር ነው የተቀመጡት። ይህን ሳያውቁ የሚከፍቱ ሰዎች «ቃሉ የለም» ብለው ይዘጉታል። አለ፤ ሌላ ቦታ ነው።

ስልክ ላይ ያሉ የክሮስወርድ መተግበሪያዎች ሁለት ዓይነት እርዳታ ይሰጣሉ። አንዱ የሞላችሁትን ያርማል፤ ሌላው መልሱን ይገልጣል። እኔ ከሁለቱ ማረሚያውን እመርጣለሁ። የቱ ሳጥን ስሕተት እንደሆነ ብቻ ይነግረኛል፤ ትክክሉን ለእኔ ይተውልኛል። መግለጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ቃሉን ሳይሆን አንዱን ሳጥን እገልጣለሁ፤ እሱም ሁለት ያልተሞሉ ቃላት የሚገናኙበትን። አንድ ፊደል ለሁለት ቃል ይሠራልና። ለእንግሊዝኛ ደግሞ የምታውቋቸውን ፊደላት ጽፋችሁ በማታውቋቸው ቦታ የጥያቄ ምልክት ብታስገቡ የሚስማሙ ቃላትን የሚዘረዝሩ ድረ ገጾች አሉ። ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ ጥሩ ነው፤ መምረጡ ለእናንተ ይቀራል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የሚጠይቁም በዝተዋል። እኔም እጠይቃለሁ። ግን መልስ አልጠይቃቸውም። እነዚህ ፕሮግራሞች ጽሑፍን እንደ እኛ ፊደል በፊደል አያዩትም፤ ቆራርጠው በቁራጭ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ፊደል መቁጠር ላይ ይሳሳታሉ። «አምስት ፊደል ነው» ብለው በሙሉ ልብ የሚሰጧችሁ ቃል ሰባት ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ በጣታችሁ ቁጠሩ። የሚጠቅሙት ሌላ ቦታ ነው። «ይህ ቃል ስንት የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወይም መልሱ ከታወቀ በኋላ «ይህ ፍንጭ ለምን ወደዚህ መልስ ይወስዳል?» በሉ። ማብራሪያው ምክንያታዊ መሆኑን ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ፤ ያኔ ጎበዝ ረዳት ናቸው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ሰው ነው። አንድ ክሮስወርድ የብዙ ሰው እውቀት ይጠይቃል። እናቴ የጥንት ቃላትና ተረት ሲመጣ አትቻልም። ግማሹ ብቻ የተጻፈ ምሳሌያዊ አነጋገር ሳነብላት ሳልጨርስ ትጨርሰዋለች። ወንድሜ የስፖርት ሰው ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የኬሚስትሪ ምልክቶችን በቃሏ ትይዛለች። ማንን ምን እንደምጠይቅ ማወቅ ራሱ እውቀት ነው። ሰዎቹም ይደሰታሉ። «እስኪ ይቺን» ብሎ መጠየቅ ሰውን የሚያከብር ነገር ነው፤ ያለውን እውቀት አይተህለታል ማለት ነው።

ስትጠይቁ ግን በደንብ ጠይቁ። በተለይ በስልክ ከሆነ። ፍንጩን እንዳለ አንብቡ፤ በራሳችሁ አባባል አታሳጥሩት። በማሳጠር ውስጥ ቁልፉ ቃል ይጠፋል። የሳጥኑን ቁጥር ንገሩ። የያዛችኋቸውን ፊደላት ከነቦታቸው ንገሩ፤ «ሁለተኛው ር ነው፣ አራተኛው ት ነው» ብላችሁ። የቱ ፊደል እርግጠኛ እንደሆነና የቱ ግምት እንደሆነ ለዩ። ያልተለየ ግምት ረዳቱን በተሳሳተ መንገድ ያስሮጠዋል። ከዚያ የምትፈልጉትን ተናገሩ፤ «መልሱን አትንገሪኝ፣ ፍንጩን እንዴት እንደገባሽ ብቻ ንገሪኝ።»

የያዛችሁት ሁሉ ትክክል መስሎ አንድ ጥግ እንቢ ካለ ደግሞ ከውጭ እርዳታ በፊት የገባውን መጠርጠር ይሻላል። በደንብ የተሠራ ክሮስወርድ አንድ መፍትሔ ብቻ ነው ያለው፤ የሚጋጩ ቃላት ካሉ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት መሆን አለበት። ከዚህ ሕግ የወጣ አንድ ድንቅ ሥራ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 5 ቀን 1996፣ በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ቀን፣ ኒውዮርክ ታይምስ ያወጣው ነው። ጄረማያ ፋረል የተባሉ አዘጋጅ ነበሩ የሠሩት። በመሃሉ ያለው ፍንጭ የነገው ጋዜጣ ዋና ዜና ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። መልሱ «ክሊንተን ተመረጡ» ወይም «ቦብ ዶል ተመረጡ» ተብሎ ቢሞላም ሁለቱም ይሠራል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም ስሞች ሰባት ፊደል ናቸው። የሚያቋርጧቸው ቃላት ፍንጮች ሁሉ በሁለቱም መንገድ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተጻፉት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለአዘጋጆች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለእኛ ደስታ ይህን ያህል ተጨንቋል።

መጠርጠሩም ካልሠራ ጋዜጣውን አስቀምጡት። ዕረፍት ነፃ እርዳታ ነው። ጠዋት ያልታየኝ ቃል ማታ ዕቃ ሳጥብ ብቅ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። አእምሮ አንዴ የያዘው የተሳሳተ ትርጉም የሚላቀቀው ዞር ስንል ነው።

የማግስቱ መልስ ሲወጣ ደግሞ አትለፉት። ብዙ ሰው የትናንቱን መልስ አያይም፤ አዲሱን ይጀምራል። ለእኔ ግን ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ያልሞላሁትን እያንዳንዱን ቃል ከፍንጩ ጋር አገናኛለሁ። ቃሉን ስለማላውቀው ነው ያመለጠኝ ወይስ አውቀው ፍንጩን በሌላ ትርጉም ስላነበብኩት? የመጀመሪያው ከሆነ ደብተሬ ላይ ይገባል። ሁለተኛው ከሆነ የአዘጋጁን አስተሳሰብ ተማርኩ። ያው አዘጋጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ መንገድ ሲሄድ አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ እናንተም ትጠየቃላችሁ። አጠገባችሁ ያለ ሰው ጋዜጣውን ዘርግቶ «ይቺን ታውቃታለህ?» ሲላችሁ መልሱ አፋችሁ ላይ ቢመጣም ትንሽ ያዙት። መጀመሪያ «ስንት ሳጥን ነው? ምን ምን ፊደል ያዝክ?» በሉት። ከዚያ ስለ ትርጉሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ካልሆነ የመጀመሪያውን ፊደል ስጡት። እሱም ካልበቃ ወደ ጎን ያለውን ትታችሁ ከላይ ወደ ታች የሚያቋርጠውን ቀላሉን ቃል አብራችሁ ሥሩለት። ሰውየው ደክሞት «በቃ ንገረኝ» ካለ ግን ንገሩት፤ ለምን ያ መልስ እንደሆነም አብራሩለት።